እንጎቻ፦ ያልተጻፈው የማጀት ታሪክ

ባለፈው እሑድ ጠዋት፣ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ልጄ እጇን እስከ ክርኗ ቡሃቃ ውስጥ ነክራ አገኘኋት። ሊጡ በጣቶቿ መካከል ሲንጠባጠብ እያየች ትስቃለች። «ነይ ውጪ ከዚያ!» ብዬ ልጮኽባት አፌን ስከፍት፣ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጠችው እናቴ ቀደመችኝ። «ተዋት» አለች። «አንተም እንዲህ ነበርክ። ያባረሩህ ጊዜ ነው የተበላሸኸው።»

ነገሩን በቀልድ ነበር ያለችው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ስመላለስበት ዋልኩ። የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀን የሰው ገንዘብ ስቆጥር ውዬ ማታ ግጥም እሞክራለሁ፤ ታሪክም እወዳለሁ። የነገሥታቱን ዘመን በቅደም ተከተል ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስታቦካው ስለኖረችው ሊጥ ብትጠይቁኝ ግን አንድ ገጽ የሚሞላ ነገር የለኝም። ይህ የእኔ ብቻ ጉድለት ነውን? ታሪካችንስ ማጀት ገብቶ ያውቃልን?

ታሪካችን የተጻፈው ከአዳራሽ ነው። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል አገር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ አገሩ እህልና ስለ ቀረበለት ምግብ ጽፎልናል፤ የጻፈው ግን እንግዳ ሆኖ ከተቀመጠበት ነው። ሦስት መቶ ስልሳ ዓመት ግድም ቆይቶ፣ በ1887 እ.ኤ.አ. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ፣ በኋላ እቴጌ የሆኑት ጣይቱ ብጡል ታላቅ ግብር አሰናዱ። ምኒልክ ያን ጊዜ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። የዜና መዋዕላቸው ጸሐፊ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የግብሩን ስፋት ለትውልድ አቆይተውልናል። እኒያን ገጾች ባሰብኩ ቁጥር ግን አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል። እንጀራውን የጋገሩት እነማን ነበሩ? ጋጋሪዋስ ገና ሕፃን ሳለች ማን አስተማራት? መጋረጃው ከአዳራሹ ወዲያ አይገለጥም።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። ዛሬ ቀይ ወጥን ያለ በርበሬ ማሰብ አይቻለንም፤ ከንግሥተ ሳባ ጀምሮ አብሮን የኖረ ይመስለናል። በርበሬ ግን የዚህ ምድር ተወላጅ አይደለም። የትውልድ አገሩ የአሜሪካ አህጉር ነው፤ ወደ ሌላው ዓለም የወጣውም ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ባሕሩን ከተሻገረ በኋላ ነው። እንግዲህ ዐፄ ላሊበላም ሆኑ ዐፄ ዐምደ ጽዮን፣ በ1468 እ.ኤ.አ. ያረፉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ጭምር፣ ዛሬ እኛ ቀይ ወጥ የምንለውን ሳይቀምሱ ነው ያለፉት። በባሕር ንግድ የመጣውን ያን ቀይ ፍሬ መቀንጠስ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል መደለዝ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ከኮረሪማው ጋር ማመስና ማስፈጨት፣ ይህ ሁሉ ሙያ በጥቂት ምዕት ዓመታት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ተዳረሰ። ለዚህ የወጣ አዋጅ የለም፤ የተቋቋመ ትምህርት ቤትም የለም። አንዲት እናት ሠራች፤ አጠገቧ የተቀመጠ ሕፃን አየ። የተጓዘው በዚህ መንገድ ነው።

ሕፃን ልጅ ማጀት ውስጥ ምን ይሠራል? ልጅ ሆኖ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የመጀመሪያው ማዕረግ ማቀበል ነው፤ «ጨው አምጣልኝ፣ ማማሰያውን አቀብለኝ።» ሁለተኛው መልቀም ነው። ሰፌድ ላይ የፈሰሰ ምስር ፊት ለፊቱ ይቀመጥለትና ጠጠሩን በትናንሽ ጣቶቹ እየለየ ይጥላል። የትናንሽ ጣት ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ሦስተኛው መላክ ነው። ቡናው ሲቆላ «ሂድና ቡና ጠጡ ብለዋል በላቸው» ተብሎ ጎረቤት የሚጠራው ሕፃን ነው፤ መንደሩን በአቦል ዙሪያ የሚሰበስበው አዋጅ ነጋሪ ቁመቱ ከበሩ መቀርቀሪያ አይደርስም። አራተኛው ደግሞ ጨዋታ ነው። እቃቃ የምንለውን ማለቴ ነው። ጭቃው ሊጥ፣ ቅጠሉ ጎመን፣ የቆርቆሮ ክዳኑ ምጣድ ሆኖ፣ በቀትር ፀሐይ ያልበሰለ ምግብ «እፍ፣ ያቃጥላል» እየተባለ ይበላል። ያ ጨዋታ ብቻ መስሎን ነበር። ለካስ የቀኑን ትምህርት ነበር የምንከልሰው።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ የእርሾው መልእክት ነው። እርሾ በገንዘብ አይገዛም ነበር፤ ከቤት ወደ ቤት ይለመናል። እናቴ እርሾዋ የተበላሸ ዕለት ጣሳ አስይዛ ጎረቤት ትልከኛለች። «እማዬ እርሾ ስጡኝ ብላለች» እላለሁ። ያንን ቢጫ ውኃ እንዳይፈስብኝ ሁለት እጄን አድርጌ፣ እስትንፋሴን ውጬ እመለሳለሁ። ዛሬ ሳስበው፣ ጎረቤታችን እርሾውን ከሌላ ጎረቤት፣ ያችም ከእናቷ ቤት አምጥታው ይሆናል፤ ወደ ኋላ ብንከተለው ከጣይቱም ከአልቫሬዝም ዘመን አልፎ ይሄዳል። ከዚያ ሁሉ መንገድ አንዱ ምዕራፍ ላይ ተሸካሚው አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። እኔ ነበርኩ።

የዚህ ሁሉ ትምህርት ሽልማቱ እንጎቻ ነው። የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሊጡ ሊያልቅ ሲል የቡሃቃው ግርጌ ይጠረግና ለልጅ የምትጋገረው ያቺ የመዳፍ ስፋት ያላት ትንሽ እንጀራ ነች። የመጀመሪያው እንጀራ ለምጣዱ ማሟሻ ነው፤ የመጨረሻዋ ለልጅ። እናቴ ለእኔ ስትጋግር እጄን በእጇ ይዛ ከዳር ወደ መሐል ታዞረዋለች፤ አክምባሎውን ከድና «ቁጠር» ትለኛለች። ቁጥር የተማርኩት እዚያ ነው። እነሆ ዛሬ በቁጥር እንጀራ እበላለሁ።

ይህን ስል ግን የድሮውን ማጀት ገነት አድርጌ ልሥልላችሁ አልፈልግም፤ ታሪክን መውደድ ታሪክን መሸንገል አይደለምና። የታላላቆቹን ግብር ካዘጋጁት እጆች መካከል የባሪያ እጆች ነበሩበት፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። በነገሥታቱና በመኳንንቱ ቤት ትናንሽ ልጆች እሳት ሲያነዱና ውኃ ሲቀዱ ያደጉት እንጎቻ ሊበሉ አልነበረም። በዘመቻም ማጀቱ ከነልጁ ከሠራዊቱ ኋላ ይጓዝ ነበር፤ ወደ ዐድዋ የሄደው ሠራዊት የበላው ሴቶች ያዘጋጁትን ስንቅ፣ በየሰፈሩም ያበሰሉትን ምግብ ነው። በገበሬውም ቤት ቢሆን «እናቷን ታግዝ» የተባለች ሴት ልጅ እገዛዋ ከወፍጮና ከመጅ ጋር ታሥሮ ስንቷ ከፊደል ተቀረች! ምድጃው ደግሞ መሬት ላይ ነው፤ ሕፃኑም የሚድኸው መሬት ላይ። ታላቅ እኅቴ ግራ ክንዷ ላይ እስከ ዛሬ የፈላ ሽሮ ያተመባት ጠባሳ አለ። ልጅን ማሳተፍና ልጅን መጫን፣ ልጅን ማቅረብና ልጅን ለእሳት መስጠት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የማጀታችን ታሪክ ሁለቱንም ይዟል።

ሴቷን ሥራው ሲጫናት ወንዱን ደግሞ በሩ ተዘጋበት። ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ግድም ነው፤ አንድ ዘመዳችን ከገጠር ሊጠይቁን መጥተው ምጣድ አጠገብ ተቀምጬ አገኙኝ። «ምነው፣ ሴታሴት ልታደርጊው ነው እንዴ?» አሏት እናቴን። እናቴ መልስ አልሰጠችም። እኔም ተነሥቼ ወጣሁ። ያን ዕለት እንጎቻዬን በሳሕን አድርጋ ወደ ሳሎን ላከችልኝ። ጣዕሟ ያው ነበር፤ ግን ከዚያ ወዲያ ሠሪ አልነበርኩም፣ ተቀባይ ሆንኩ። በግ ሲታረድ ብልት ማውጣት ተማርኩ፤ ያ የወንድ ሙያ ነውና። የቆሎ ተማሪ የራሱን ምግብ አብስሎ እየበላ ቅኔ እንደሚዘርፍ ያን ጊዜ የነገረኝ ቢኖር ለዘመዳችን መልስ ባላጣሁ ነበር።

ዛሬ በሩ ለሁሉም እየተዘጋ ነው። በኮንዶሚኒየም ማድ ቤት ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ካልሆነ አይቆምም። እንጀራው ከሱቅ በፌስታል ይመጣል። ባለቤቴም እኔም ከሥራ የምንገባው ሲመሽ ነው፤ ልጃችን ስልክ ላይ ሌሎች ልጆች ኬክ ሲጋግሩ ታያለች። ማንንም አልወቅስም፤ ኑሮ ነው። ነገር ግን ባለፈው ዓመት እናቴ ዓይኗ በግላኮማ ደክሞ እኛ ዘንድ ስትገባ አንድ ፍርሃት ያዘኝ። ደብተር ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንደ ባንክ ሠራተኛ ሒሳቡ እንዲዘጋልኝ ነበር የፈለግሁት።

«ስንት ብርጭቆ ዱቄት ነው?»

«እስኪበቃው ነዋ።»

«አብሲቱ ስንት ደቂቃ ይፈላል?»

«እስኪል ነው።»

«ምን እስኪል?»

«ስታየው ታውቀዋለህ፣ ልጄ።»

ደብተሩን ዘጋሁት። ይህ ዕውቀት በወረቀት አይተላለፍም ማለቷ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የተማረችው እንዲያ ስለሆነ ብቻ ነው። ለእሷም ማንም «ስንት» ብሎ አልነገራትም፤ አጠገቡ አስቀምጦ አሳያት እንጂ።

እናም ባለፈው ሐሙስ ማታ ልጄ በእጇ ጣሳ ይዛ፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ የጎረቤት በር አንኳኳን። ሦስት ቤት «እኛ የምንገዛው ነው» አሉን። ከአራተኛው ቤት እርሾ ተገኘ። ልጄ ደረጃውን ስትወጣ ዓይኗን ከጣሳው አልነቀለችም፤ እስትንፋሷን ውጣ ነበር። እሑድ ጠዋት በእናቴ ምሪት አብሲቱን ጥዬ ሊጡ ኩፍ እስኪል ስንጠብቅ ነው እንግዲህ እጇን ነክራ ያገኘኋት።

ተውኳት። እጇን አጥበን፣ ወንበር ላይ አቁሜ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ በማይደርስባት ርቀት ይዣት ጋገርን። የመጀመሪያው ተቀደደ። ሁለተኛው ዓይን አላወጣም። ሦስተኛውን ስናፈስ እናቴ ከበርጩማዋ ሆና ጆሮዋን ዘንበል አደረገችና «አሁን ክደነው» አለች። ድምፁን ሰምታ ነው። እንፋሎቱ ሲሸታት ደግሞ «አውጣው» አለች። እኔ በሁለት ዓይኔ ያላየሁትን እሷ ያለ ዓይን አየችው። በመጨረሻ የቡሃቃውን ግርጌ ጠራረግሁ፤ የልጄን እጅ በእጄ ይዤ ከዳር ወደ መሐል አዞርነው። እናቴ «ቁጠሪ» አለቻት። ልጄ እስከ ሰባት ቆጠረችና ስምንትን ዘልላ ወደ ዘጠኝ ሄደች።

እንጎቻዋ ክብ አልሆነችም። ልጄ ቆርሳ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለአያቷ አጎረሰች። እናቴ ዝም ብላ አላመጠችና፣ ሠላሳ ዓመት ግድም የዘገየ መልስ እንደምትመልስ ሁሉ «ወንድ ልጄ የጋገረው ነው» አለች፤ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ።

ንጉሥ ግብር ያብላ፣ ጸሐፊም ይጻፈው፣
የማጀቱን ታሪክ ልጅ ነው ያተረፈው።
ትልቁንማ እንጀራ ለእንግዳ አውጡለት፣
እንጎቻዋን ብቻ ለልጄ ተዉላት፤
ነገማ ስትጋግር አያቷን አስታውሳ፣
እሷም ትገኛለች በእርሾው ተመልሳ።