ይግባኝ ለማን? ከዙፋን ችሎት እስከ ይቅርታ ደብዳቤ

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው ሰፈራችን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ቡና የሚጠጡበት አንድ ቤት አለ። ክርክር ሲጋጋል ከመካከላቸው አንዱ ጠረጴዛውን መታ ያደርግና «ይግባኝ!» ይላል። ሌላው «ለማን?» ሲል ይመልስለታል፤ ሁሉም ይስቃሉ። እኔ ግን በወጣትነቴ ልደታ ፍርድ ቤት እየተመላለስሁ ችሎት የዘገብሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ይህች «ለማን?» የምትል ቃል እንደ ቀልድ አታልፈኝም።

በቀድሞው ዘመን መልሱ ግልጽ ነበር። ከጭቃ ሹም ዳኝነት ተነሥቶ በምስለኔውና በአገረ ገዥው እጅ እየተንከባለለ የመጣ ሙግት መቋጫው ዙፋን ችሎት ነበር። ሥርዓቱም የሚያስደንቅ ነው። በችሎቱ የቆሙት መኳንንትና ዳኞች ፍርዳቸውን የሚሰጡት ከበታች ጀምረው ነው፤ ታናሹ አስቀድሞ ይናገራል፣ ታላቁ ይከተላል፣ ንጉሠ ነገሥቱ በመጨረሻ ይቆርጣሉ። ታናሹ የታላቁን ፊት አይቶ እንዳይፈርድ የተበጀ ብልሃት ይመስለኛል። ከንጉሡ በታች የዳኝነቱ ራስ አፈ ንጉሥ ነበር፤ ስሙ እንደሚለው የንጉሡ አፍ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙም የፍርዱን ሚኒስቴር የሰጡት ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ነው።

ይሁንና የዚህ ችሎት ሁለተኛ ገጽታ ነበረው። በ1770 እና በ1771 እ.ኤ.አ. ጎንደር የተቀመጠው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እንደጻፈው፣ ተበዳዮች ከጧት እስከ ማታ በቤተ መንግሥቱ መስኮት ሥር ቆመው እያንዳንዳቸው በሚያውቁት ቋንቋ «ጃንሆይ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። እስከዚህ ድረስ የምናውቀው ነው። ብሩስ የሚጨምረው ግን ይገርማል፦ ክረምት ገብቶ እውነተኛው ተበዳይ ሲጠፋ፣ የተበዳይ ጩኸት አስመስለው የሚጮኹ ሰዎች ቀለብ ተቆርጦላቸው ይቀጠሩ ነበር። ለንጉሡ ክብር ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ጭር እንዳይልባቸው! አቤቱታ ለዙፋኑ ጌጥ የሆነበት አገር ነበረን ማለት ነው።

ከጠላት ወረራ በኋላ ነገሩ በሕግ መልክ ያዘ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 2 አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ ሲያደራጅ፣ በአፈ ንጉሡ የሚመራ ጠቅላይ የንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት ከሁሉ በላይ ተቀመጠ። ሆኖም ከሁሉ በላይ የተባለው ፍርድ ቤት በላዩ ዙፋን ነበረበት። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 183፣ ይግባኙን የጨረሰ ሰው ለግርማዊነታቸው ችሎት አቤት ከማለት እንደማይከለከል ደንግጓል። ከሩቅ ጠቅላይ ግዛት በእግሩ መጥቶ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ከንጉሡ መኪና ፊት የሚወድቀው ገበሬ ያንን አንቀጽ አላነበበም፤ ልማዱን ግን ከአያቱ ወርሷል። ያ ልማድ ብዙ ድኃ አድኗል፤ አልክድም። ግን ያዳነው የአንድ ሰው በጎ ፈቃድ እንጂ ሕግ አልነበረም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ሕዝብ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

የዚያ ሥርዓት ዋጋ የታየው ዙፋኑ በወደቀ ጊዜ ነው። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ፣ በዚያው አዋጅ ይግባኝ የሌለው ልዩ የጦር ፍርድ ቤት እንደሚቋቋም አወጀ። ኅዳር 14 ቀን ሌሊት የተረሸኑት ወደ ስልሳ የሚጠጉ ሰዎች ያን ፍርድ ቤት እንኳ አላገኙም። ከነርሱ መካከል አንዱ አፈ ንጉሥ አበጀ ደባልቅ ነበሩ። የአገሪቱን የዳኝነት ታላቅ ማዕረግ የያዙ ሰው ያለ ክስ፣ ያለ ዳኛ ተገደሉ። የሁሉ አቤቱታ መጨረሻ የነበሩት ንጉሠ ነገሥትም በቀጣዩ ነሐሴ በእስር ላይ እንዳሉ ሕይወታቸው አለፈ፤ አቤት የሚሉበት አልነበራቸውም።

ለዚያ ሌሊት ደም የመጨረሻው ፍርድ የተሰጠው ከ33 ዓመት በኋላ ነው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጥር 1999 ዓ.ም. በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. በሞት ለወጠው። ተፈራጁ ሐራሬ ተቀምጦ ነበር።

በዚያው 1999 ዓ.ም. በሌላ ችሎት የሆነውን አንባቢ ያስታውሳል። የቅንጅት መሪዎች ሐምሌ 9 ቀን ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በአራተኛው ቀን ተፈቱ። ያስፈታቸው ይግባኝ አልነበረም፤ የፈረሙት የይቅርታ ደብዳቤ ነው። ወይዘሮ ብርቱካን ሚደቅሳ ስለዚያ ይቅርታ ውጭ አገር በተናገሩት ቃል ምክንያት በታኅሣሥ 2001 እንደገና ታስረው እስከ መስከረም 2003 ዓ.ም. ቆዩ። እኚህ ሴት ዳኛ ሳሉ በ1993 ዓ.ም. አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ ቢለቁ፣ ተለቃቂው ወዲያው ተይዞ፣ ፓርላማው በሙስና የተጠረጠረ ዋስ እንዳያገኝ በችኮላ አዋጅ እንዳወጣ አንርሳ። ዙፋኑ ሄዷል፤ ችሎቱ ግን ወንበር ለውጦ ተቀምጧል።

ለሰበር ሰሚው ችሎት ተገቢውን ምስጋና አልነፍገውም። አዋጅ 454/1997 ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ተሰይመው የሚሰጡትን የሕግ ትርጉም በሁሉም ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ካደረገው ወዲህ፣ በውርስ፣ በመሬትና በሥራ ክርክር ብዙ ተራ ሰው መብቱን አግኝቶበታል። ጉዳዩ ከሥልጣን ጋር ሲነካካ ግን ሌላ ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንት ለሹመት የሚያቀርበው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ደግሞ ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የመንግሥትን የሥልጣን ዘመን ያራዘመው ይኸው የፖለቲከኞች ጉባኤ ነበር። በዋስ ይለቀቅ የተባለን ጋዜጠኛ ፖሊስ አልለቅም ሲል የሰማን ሁሉ፣ ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን፤ የሚያውቁት ባለሥልጣን ደጅ።

እኔ ራሴ ጥገኝነት ጠይቄ የመጀመሪያው ዳኛ የከለከለኝ ጊዜ፣ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ የይግባኝ ሰሚው አድራሻና የ30 ቀን ገደብ ብቻ ተጽፎ ነበር። እሑድ ወደ ፌርፋክስ ይዤው ሄድሁ። በዕድሜ የሚበልጡት አባት መነጽራቸውን አጥልቀው፣ እያገላበጡ ደጋግመው አነበቡትና፣ «ልጄ፣ ጃንሆይ የሚባልበት የቱ ጋ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።