ተመልካች ያጣ ገንዳ

በጃፓን ለሸመገለ ሰው ከመኪና መንገድ ይልቅ የገዛ ቤቱ መታጠቢያ ያሰጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ጃፓናውያን መካከል ከ4,700 የሚበልጡት መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሰጥመው ሞተዋል፤ በዚያው ዓመት የመኪና አደጋ ከዚሁ የዕድሜ ክልል የቀጠፈው የዚህን እኩሌታ እንኳ አይሞላም። ነገሩ በተነሳ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው በሙቁ ውኃና በእርጅና ላይ ነው። ሁለቱም ጥፋት አለባቸው። ይሁንና ጃፓናውያን ሙቅ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ የጀመሩት ትናንት አይደለም፤ አዛውንትም ያኔም ነበር። ያልተለመደው አዛውንቱ በር ዘግቶ ብቻውን መታጠቡ ነው። እኔ እንደማየው አደጋውን ያባባሰው ከውኃው ሙቀት ይልቅ የጎረቤት ዓይን መጥፋት ነው።

የኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ የመጀመሪያው የሕዝብ መታጠቢያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1591፣ የጦር መሪው ቶኩጋዋ ኢዬያሱ ከተማዋን በያዘ በዓመቱ እንደሆነ ይነገራል። ሴንቶ የሚባለው ይህ ቤት ውስጡን የዛሬ ተቆጣጣሪ ቢያየው በማግስቱ ያሽገው ነበር። እንፋሎቱ እንዳያመልጥ ተብሎ፣ በኋላ ዘመን ወደ ገንዳው የሚገባው ዛኩሮጉቺ በተባለ ዝቅ ያለ መግቢያ ጎንበስ እየተባለ ሆነ፤ ከውስጥ ጨለማና ጭጋግ ነው። ስለዚህ የሚገባው ሰው ድምፁን ያሰማል፤ ቀዝቃዛ ገላ ይዤ መጣሁ፣ ይቅርታ ይላል። ጨዋነት ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ጨለማ ማን እንደገባ የሚታወቀው በዚሁ ነው። ከኤዶ ዘመን ቀጥሎ በመጣው በሜጂ ዘመን ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ብርሃን የሚገባውና የእንፋሎት መውጫ ያለው ቤት መጣ፤ ዛኩሮጉቺም በመንግሥት ትእዛዝ ቀረ። ከበሩ አጠገብ ደግሞ ባንዳይ ነበር፤ ሒሳብ ተቀባዩ የወንዱንም የሴቱንም ወገን ከላይ ሆኖ የሚያይበት ከፍ ያለ መቀመጫ። የተሠራው ገንዘብ ለመቀበልና የልብስ ሌባ ለመጠበቅ እንጂ ለአዛውንት ታስቦ አይደለም። ቢሆንም ሌባ የሚጠብቅ ዓይን ሲነሳ የሚንገዳገደውንም ሽማግሌ ያያል።

ጥበቃው ሆን ተብሎ የተደራጀበትን ለማየት ደግሞ ወደ ኩሳትሱ መውጣት ነው። በዚህች የተራራ ከተማ የፍል ውኃ ሕክምና ውኃው 48 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ሥርዓቱን የሚመራው ዩቾ የሚባል አለቃ ነበር። ታካሚዎቹ በቅድሚያ ረዣዥም ሳንቃ ይዘው እየዘፈኑ ውኃውን ያማስሉታል። ቀጥሎ ራስ እንዳያዞራቸው ከዚያው ውኃ እየቀዱ 30 ጊዜ ያህል አናታቸው ላይ ያፈሳሉ። የሚገቡት ባንድነት ነው፤ የሚቆዩትም 3 ደቂቃ ብቻ። አለቃው ሰዓቱን እየጠራ ያስታውቃል፤ በገንዳው ያሉት በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ፤ በመጨረሻም በቀስታ እንዲወጡ ያዛል። ድምፁ የጠፋ ሰው ካለ ባልንጀራው አጠገቡ ነው።

የቤት ገንዳ ይህን ሁሉ አስቀረ። እ.ኤ.አ. በ1963 መታጠቢያ የነበራቸው ቤቶች ከመቶ 59 ያህል ነበሩ፤ በ2008 ከመቶ 95 አለፉ። በ1960ዎቹ መጨረሻ 18 ሺሕ ገደማ የነበረው ሴንቶ ዛሬ 2 ሺሕ አይሞላም። ማንም አልተገደደም፤ በራስ ቤት፣ በራስ ሰዓት መታጠብን ማን ይጠላል? ግን በብርድ ወራት ማታ አዛውንቱ ማሞቂያ በሌለው ክፍል ልብሱን ያወልቃል፤ ብርዱ የደም ሥሩን አጥብቦ ግፊቱን ያንረዋል። እስከ ትከሻው በሚደርስ ሙቅ ውኃ ሲቀመጥ ደግሞ ሥሩ ይሰፋል፣ ግፊቱም ያሽቆለቁላል። እንቅልፍ የመሰለ ድካም ይጫነዋል፤ ወይም ብድግ ሲል ዓይኑ ይጨልምበታል። ገንዳው ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ ራሱን የሳተ ሰው አፍና አፍንጫው ውኃ ለመንካት ብዙ አይቀረውም።

አጥፊው ብርዱ እንጂ ብቸኝነቱ አይደለም የሚል ይኖራል፤ ማስረጃም አያጣም። የ2011ን ሁኔታ ያጠኑ ሰዎች 47ቱን የጃፓን አውራጃዎች ሲያነጻጽሩ አደጋው ዝቅተኛ ሆኖ የተገኘው በሞቃቷ ኦኪናዋ፣ ቀጥሎ ደግሞ በበረዶዋ ሆካይዶ ነው፤ የሆካይዶ ቤቶች ሙቀት እንዲይዙ ሆነው ይሠራሉና። ሙቅ ቤት ሕይወት እንደሚያድን አልክድም። ሆኖም ብርዱ የሚያደርሰው ራስን እስከ መሳት ነው፤ ሰው ፊት ራሱን የሳተ ተጎትቶ ይወጣል፣ በተዘጋ በር ውስጥ የሳተ ግን ይሰጥማል። ቁጥሩ የጨመረው አዛውንቱ ስለበዛ ነው የሚለውም እውነት አለው፤ ግን ራሱ የሚዞርበት ሰው ለምን እንደበዛ እንጂ ለምን ዘግይቶ እንደሚገኝ አያስረዳም። ልቡ ባንዴ ቀጥ ያለችበትን በርግጥ የባንዳይ ዓይንም ላያተርፈው ይችላል።

የመንግሥት የሸማቾች ጉዳይ ኤጀንሲ ራሱ፣ ውኃው ከ41 ዲግሪ፣ ቆይታውም ከ10 ደቂቃ አይለፍ ብሎ ሳያበቃ፣ ከመግባታችሁ በፊት ለቤተሰብ ተናገሩ ይላል። የኤዶ ሰው ይህን ያለ መካሪ ያደርገው ነበር። የውኃ ማሞቂያ አምራቾችም ወጥ ቤት ድረስ የሚሰማ የመጥሪያ ቁልፍ ከገንዳው አጠገብ ገጠሙ፤ ራሱን የሳተ ሰው ቁልፍ አይጫንም እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2000 በተጀመረው የእንክብካቤ መድን ደግሞ አንዲት ነርስና ሁለት ረዳቶች ገንዳ ተሸክመው ቤት ድረስ ይመጣሉ፤ ነርሷ በመጀመሪያ የደም ግፊትና የሰውነት ሙቀት ትለካለች፣ ካልተስማማት መታጠቡ ለዚያ ቀን ይቀራል። ይህ አገልግሎት ግን የተበጀው በራሱ መታጠብ ለተሳነው ነው። ገና በእግሩ ሄዶ ገንዳው ውስጥ ለሚገባው አዛውንት ይበልጥ የሚበጀው ብዙ የቶኪዮ ወረዳዎች ለአረጋውያን የሚያድሉት የሴንቶ ቲኬት ነው፤ ይዞት የሚሄድበት ቤት በሰፈሩ እስካልተዘጋ ድረስ።