ብራናው የማን ቆዳ ነው?

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ወደ አንዱ ገብታችሁ፣ ከዕቃ ቤት የወጣ አሮጌ ዳዊት እያያችሁ «ይህ የምን ቆዳ ነው?» ብትሉ መልሱ አይዘገይም፤ «የፍየል ነዋ!» ትባላላችሁ። ፍኖተ ሰላም ተምሬ፣ ቡሬ ገበያ ወጥቼ ወርጄ ያደግሁ ነኝና እኔም ይህንኑ ስሰማ ኖሬአለሁ። ምናልባትም ትክክል ነው። ሆኖም በዩኒቨርሲቲያችን ባዮኬሚስትሪ ከተማርሁ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀኝም፦ ይህ መልስ ከቆዳው የተገኘ ነው ወይስ ከልማድ? ለመገናኛ መድበላችን ጽሑፍ አዋጡ ሲባል የመረጥሁት ይህንኑ ነው። አንድ ፕሮቲን የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ከራሱ አወቃቀር ማወቅ እንዴት ተቻለ? ለእኛስ መጻሕፍት ምን ይጠቅማል?

ታሪኩ የሚጀምረው ከብራና ሳይሆን ከስኳር ሕመም መድኃኒት ነው። ፍሬድሪክ ሳንገር በካምብሪጅ የኢንሱሊንን አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል አንብቦ መጨረሱን፣ እ.ኤ.አ. በ1958 የኖቤል ሽልማት ማግኘቱንም ሁላችንም በክፍል ተምረናል። ብዙ ያልተወራለት ግን እ.ኤ.አ. በ1955 ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው የአሳማና የበግ ኢንሱሊን ጥናት ነው። ከከብቱ ጋር ሲያስተያዩት ልዩነቱ በአንደኛው ሰንሰለት 8ኛ፣ 9ኛና 10ኛ ቦታ ላይ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በከብት አላኒን፣ ሰሪን፣ ቫሊን ነው። በበግ መካከለኛው ተለውጦ አላኒን፣ ግላይሲን፣ ቫሊን ይሆናል። በአሳማ ደግሞ ትሪዮኒን፣ ሰሪን፣ አይሶሉሲን ነው። ሦስቱም የደም ስኳርን የማውረድ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ግን እያንዳንዱ የመጣበትን እንስሳ በሦስት ቦታ ጽፎ ይዟል። «ይህ ፕሮቲን የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በራሱ በፕሮቲኑ ውስጥ እንዳለ ያን ጊዜ ታየ።

የብራናው ፕሮቲን ኮላጅን ነው። የእርሱን ቅርጽ ለማወቅ ከተሳካላቸው አንዱ ጂ. ኤን. ራማቻንድራን፣ የሠራው በለንደን ወይም በቦስተን ሳይሆን በሕንድ፣ በማድራስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከጎፒናት ካርታ ጋር ሆኖ፣ የካንጋሩ ጭራ ጅማት በኤክስሬይ እያጠና፣ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 ኮላጅን እንደ ገመድ የተገመዱ ሦስት ሰንሰለቶች መሆኑን አሳየ። ፍንጩ ቀላል ነበር፦ በኮላጅን ከሦስት አሚኖ አሲዶች አንዱ ከሁሉም የሚያንሰው ግላይሲን ነው። ሦስት ሰንሰለት ተጠጋግቶ ሲገመድ በመካከሉ ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ፣ እዚያ የሚገባው ትንሹ ብቻ ነው። ከዚህ ጋር ሃይድሮክሲፕሮሊን በብዛት ካገኛችሁ፣ በእጃችሁ ያለው ኮላጅን ስለመሆኑ ብዙም አትጠራጠሩም። ዕቃ አጠረን እያልን ለምንቆዝም የማድራሱ ታሪክ ደጋግሞ ሊነገረን ይገባል።

«ኮላጅን ነው» ማለት ግን ገና «ፍየል ነው» ማለት አይደለም። ግላይሲኑ ቦታውን አይለቅም፤ በመካከል ያሉት ግን ከእንስሳ እንስሳ ጥቂት ጥቂት ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በዚህ ልዩነት የጥንት አጥንት የሚለዩበትን ዘዴ አሳተሙ። ኮላጅኑን በትሪፕሲን ይቆራርጡታል፤ ትሪፕሲን በአንጀታችን ሥጋ የሚፈጨው ኢንዛይም ነው፣ የሚቆርጠውም ከሁለት አሚኖ አሲዶች ቀጥሎ ብቻ ነው። ከዚያ ቁርጥራጮቹን በማስ ስፔክትሮሜትር ይመዝናሉ። በከብት 2853 ዳልተን የሚመዝነው ቁራጭ በበግና በፍየል 2883 ሆኖ ይመጣል፤ ከብቱ ተለየ ማለት ነው። በግን ከፍየል የሚለየው ደግሞ ሌላ ቁራጭ ነው፦ በበግ 3033፣ በፍየል 3093። መላው ክርክር በ60 ዳልተን ይዘጋል!

እዚህ ላይ ካህናቱ «መጽሐፋችንን ልትቆርጡ ነው?» ቢሉ እውነት አላቸው። ማን ቅዱስ መጽሐፉን ያስቆርጣል? መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ2015 ከዚያው ከዮርክ መጣ፦ ላጲስ። ብራናው በላጲስ ቀስ ብሎ ሲታሽ፣ ከላዩ ጥቂት የኮላጅን ብናኝ ከላጲሱ ፍርፋሪ ጋር ተጣብቆ ይወጣል፤ ለመመዘኛ ይበቃል። በዚህ ዘዴ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ የተጻፉ 72 የኪስ መጽሐፍ ቅዱሶች ተመረመሩ። ብራናቸው እጅግ ስስ ስለሆነ ካልተወለደ ጥጃ ወይም ከጥንቸል የተሠራ ነው ሲባል የኖረ ነው። የተገኘው ግን ያው ጥጃ፣ ፍየልና በግ ነው፤ ስስነቱም የዳማጩ ሙያ ሆነ። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ከአንድ በላይ የእንስሳ ዓይነት የተገኘበትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ብዙ ጊዜ «የጥጃ ብራና» እየተባሉ ሲመዘገቡ የኖሩ የእንግሊዝ የሕግ ሰነዶች ከጥቂቶቹ በቀር የበግ ሆነው ተገኙ። መዝገቡ ሌላ፣ ቆዳው ሌላ!

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የአጎቴ ነገር ነው። አጎቴ ብራና ዳማጭ ነበር። ቆዳውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ በእንጨት ክፈፍ ወጥሮ፣ ሥጋውን በቢላ ፍቆ፣ በድንጋይ አሽቶ፣ ጠጉሩን ልጦ፣ ፀሐይ ላይ ያደርቃል። በግ ግን አይወድም፤ «በግ ከዳተኛ ነው፤ ስትፍቀው ለሁለት ይሰነጠቅብሃል» ይል ነበር። ምክንያቱን የቆዳ ሳይንስ ያውቀዋል፤ በበግ ቆዳ በላይኛውና በታችኛው ንጣፍ መካከል ስብ ስላለ ሁለቱ በቀላሉ ይላቀቃሉ። እንግሊዞች ግን በጉን የፈለጉት ለዚሁ ክህደቱ ነው! በ12ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ንጉሡ ግምጃ ቤት አሠራር የተጻፈው መጽሐፍ በበግ ቆዳ ላይ ጻፉ ይላል፤ ፍቆ የሚሰርዝ አጭበርባሪ ሳይታወቅበት አያልፍምና። አንዱ የቆዳ ጠባይ ለአጎቴ ጥፋት ነው፣ ለእንግሊዝ ጸሐፊ ጠባቂ።

ታዲያ የእኛ ነገር ለምን ይመርመር? አንደኛ፣ አገራችን የበግ አገር ናት። ዋሸራ ሲባል የቅኔ ሰው ቅኔ ቤቱን ያስባል፤ የእንስሳት እርባታ ሰው ግን ባለ ላቱን፣ አጭር ጠጉሩን የዋሸራ በግ ያስባል። በጉ በደጃችን ሞልቶ ሳለ መጽሐፉ የፍየል ከሆነ፣ ያ ሁሉ የፍየል ቆዳ ከየት መጣ? ፍየል የሚስማማው ቆላ ነው፤ ከቡሬ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ደግሞ ቆላና ደጋን ሲያገናኝ የኖረ ነው። የብራናው ዝርያ በየመጽሐፉ ቢታወቅ፣ ማንም ያልጻፈው የገበያ ታሪክ ከመጻሕፍቱ ገጽ ሊነበብ ይችላል።

ሁለተኛ፣ አውሮፓውያን ቆዳውን በኖራ ይዘፈዝፉ ነበር፤ የእኛ ዳማጮች ግን ኖራ አይነኩም። ኖራ ግሉታሚን የተባለውን አሚኖ አሲድ ስለሚለውጠው፣ ያው ምርመራ ቆዳው በኖራ ምን ያህል እንደተጎዳ ያሳያል። የእኛን ሙያ ጥንካሬ በቁጥር ማሳየት ይቻል ይሆናል ማለት ነው።

ሦስተኛው ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በሚኒሶታ ዕድሜአቸውን የሰጡበት የመዘርዘር ሥራ፣ ቃሉን አትርፎልናል። ዶክተር ሥርግው ሀብለ ሥላሴም እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ የአዘገጃጀቱን ሙያ መዝግበውልናል። ፊልም ግን ቆዳን አይመሰክርም። ቅጠል ከመጽሐፍ ተቆርጦ በሚሸጥበት ዘመን፣ የትኛው ጥራዝ የፍየል፣ የትኛው የበግ እንደሆነ አስቀድሞ መመዝገብ አንድ ተጨማሪ ምስክር ነው። የፍየል ከሆነ ጥራዝ ጠፋ የተባለው ቅጠል የበግ ሆኖ ቢመጣ፣ ቢያንስ ጥያቄ ያስነሣል።

ዘዴው ሁሉን ያውቃል እያልሁ አይደለም። የዋሸራን በግ ከሌላ በግ አይለይም፤ መጽሐፉ መቼ ወይም የት እንደተጻፈ አይናገርም፤ በጣም የሚቀራረቡ የዱር ዘመዶችንም ሊያምታታ ይችላል። ስለዚህ የዳማጩን ቃል የሚተካ ሳይሆን አብሮት የሚቆም ነው። መሣሪያው ነገም ይገዛል፤ በእጁ ዳስሶ ቆዳ የሚለይ ሽማግሌ ግን ነገ አይገኝም።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በማስተማር ላይ ያላችሁ አንድ የመመረቂያ ጥናት በዚህ ላይ አስጀምሩ፤ በውጭ አገር መሣሪያው አጠገባችሁ ያለ ጥቂት ናሙና መዝኑልን፤ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር ቅርበት ያላችሁ ከሁሉ በፊት ፈቃድ ጠይቁልን፤ አማርኛው የሚቀናችሁ ደግሞ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ዙሪያ ዳማጮች አጠገብ ተቀምጣችሁ ቃላቸውን ቅዱ። መጽሐፉ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚወጣው የላጲስ ፍርፋሪ ብቻ ነው። ላጲሱን እኔ እችላለሁ።