ጭሱና ጀሪካኑ
«ኅዳር ሲታጠን» ለብዙዎቻችን ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቀን ብቻ ነው። ነገሩ ግን የ1911ዱ የኅዳር በሽታ ትዝታ ነው። ያኔ ኢንፍሉዌንዛው አዲስ አበባ ሲገባ ሐኪሙ ጥቂት ነበር፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ራሳቸው ታመዋል። ከላይ መላ ሲጠፋ ሕዝቡ አጠነ። ጭስ ቫይረስ አይገድልም፤ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥም አልሆነለትም።

በ2012 ደግሞ መንግሥት ዝም አላለም። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እጃችሁን ታጠቡ ተባልን፣ ያውም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ! ሰዉ አጉረመረመ፤ እያጉረመረመም ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን በየሱቁ ደጃፍ አቆመ። ለእኔ ጭሱና ጀሪካኑ አንድ ናቸው፤ ትእዛዝ ያጎደለውን ሰው በእጁ ሲሞላ።

ልዩነቱ፣ ለኅዳር ቀን ቆርጠንለታል። መጋቢት 4ን ግን ማን ያስታውሳል? ከረሳነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ «ውሃውስ?» ብሎ ማን ይጠይቃል?