አውድማ ላይ ያልተቆጠረው ድካም

ከ1967 ዓ.ም. በፊት በወሎ የጭሰኛ ሚስት ኑሮ መራራ ነበር። ዶሮ ሲጮህ ተነስታ በድንጋይ ወፍጮ ትፈጫለች፤ ልጇን አዝላ ውሃ ትቀዳለች፤ ቀን ከባሏ ጋር ታርማለች፣ ታጭዳለች። አውድማ ላይ ግን ባለመሬቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ይወስዳል። በቀረው እህል ቤተሰቡን እስከ እሸት ማድረስ የእርሷ ጭንቀት ነበር፤ ልጆቿን አጉርሳ ራሷ ጦሟን የምታድርበት ጊዜም ብዙ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ ፆታ ሳይለይም መሬት ፈቀደ። ይሁን እንጂ በገበሬ ማኅበር መዝገብ የሚሰፍረው በአብዛኛው የባል ስም ነበር። በአማራ ክልል የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ከባሏ ጎን በይዞታ ደብተር ላይ መስፈር የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበሮቻችን መዝገብም እንዲሁ በስሟ ልትቆጠር ይገባል፤ ጎተራውን የሞላችው እርሷም ናትና።