ያልዘሩትን ያጨዱ

«ያልዘሩት አይበቅልም» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው፡፡ ዛሬ የምናወጋችሁ ታሪክ ግን ይህን አባባል ፉርሽ ያደርገዋል፡፡ ቦታው አሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ሰንፍላወር የምትባል የገጠር ካውንቲ ነው፤ ወረዳ በሏት፡፡ (የአሜሪካው ታሪክ ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ለመሆኑ መንግሥት ገበሬን «አትዝራ» ብሎ ለምን ይከፍለዋል? ነገሩ የተጀመረው በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ነው፡፡ ጥጥ ገበያውን አጥለቅልቆት በ1932 የአንዱ ፓውንድ ዋጋ ወደ 6 ሳንቲም ወርዶ ነበር፡፡ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በሜይ 1933 የፈረሙት የግብርና ማስተካከያ ሕግ ያመጣው መላ ምርቱን መቀነስ ነበር፡፡ በዚያው ዓመት 10 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ላይ የበቀለ ጥጥ ተገልብጦ ታረሰ፡፡ ለባለመሬቱም ካሳ ተከፈለ፡፡

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ዋጋውም አንሰራርቷል፡፡ ጣጣው ያለው «ባለመሬት» የምትለዋ ቃል ላይ ነው፡፡ በደቡብ አሜሪካ ጥጡን ከሚያለሙት ብዙዎቹ እኛ አገር ጢሰኛ ወይም የእኩል አራሽ ይባሉ የነበሩት ዓይነት ሰዎች ነበሩ፡፡ የ1934ቱ ውል ሳይመረት ለቀረው ለእያንዳንዱ ፓውንድ 4 ሳንቲም ተኩል ሲከፍል 4ቱ ለባለመሬቱ፣ ግማሿ ለአራሹ ነበረች፡፡ እሷም የምታልፈው በጌታው እጅ ስለነበር ብዙ ጊዜ «ለዕዳህ» ተብላ ትቀር ነበር፡፡ ደግሞስ የማይዘራ መሬት አራሽ ምን ያደርግለታል? ብዙ ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ፡፡ በፌብሩዋሪ 1935 «ጢሰኛው መባረር የለበትም» ብለው የተከራከሩ የግብርና መሥሪያ ቤቱ የሕግ ሰዎች ራሳቸው ተባረሩ፡፡

ለየትኛው ገበሬ ስንት ኤከር ይፈቀድ የሚለውን የሚወስነው የካውንቲው ኮሚቴ ነበር፡፡ በወረቀት ላይ ኮሚቴው ገበሬዎች የመረጡት ነው፡፡ በደቡብ ግን ወንበሩን የያዙት ነጭ ባለ እርሻዎች ነበሩ፡፡ የሲቪል መብቶች ኮሚሽንም በ1965 ባወጣው ሪፖርት ጥቁር ገበሬዎች በእርሻ ፕሮግራሞች መድልዎ እንደሚፈጸምባቸው አረጋግጧል፡፡

አሁን ወደ ሰንፍላወር እንመለስ፡፡ የዚህች ካውንቲ ሁለት ሰዎች ታሪኩን ጠቅልለው ይነግሩናል፡፡

አንደኛው ሴናተር ጄምስ ኢስትላንድ ናቸው፡፡ የሲቪል መብት ሕጎች የሚታዩበትን የሴኔት የፍትሕ ኮሚቴ ከ1956 እስከ 1978 መርተዋል፡፡ በ1960ዎቹ መጨረሻ እርሻቸው በአንድ ዓመት ብቻ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ድጎማ አግኝቷል፡፡

ሁለተኛዋ ፋኒ ሉ ሄመር ናት፡፡ ከ20 ልጆች የመጨረሻዋ ስትሆን ጥጥ መልቀም የጀመረችው በ6 ዓመቷ ነው፡፡ በኦገስት 1962 ለመራጭነት ልትመዘገብ ኢንዲያኖላ ከተማ ሄደች፡፡ በዚያው ቀን 18 ዓመት ከሠራችበት እርሻ ተባረረች፡፡

በ1970 ኮንግረሱ ለአንድ ሰው በአንድ ሰብል ከ55 ሺህ ዶላር በላይ አይከፈልም አለ፡፡ ትላልቆቹ ባለ እርሻዎች ምን አደረጉ? መሬታቸውን በወረቀት ለዘመድ አዝማድ ከፋፍለው ጣሪያውን አለፉት! ሄመር በበኩሏ በ1969 በ40 ኤከር ላይ የኅብረት ሥራ እርሻ መሥርታ ነበር፡፡ ለድሃ ቤተሰቦች የምትወልድ አሳማ ይሰጣል፤ እነሱ ደግሞ ከግልገሎቹ ይመልሳሉ፡፡ ያ እርሻ በ1970ዎቹ አጋማሽ ዕዳ በልቶት ፈረሰ፡፡

ጥቁር ገበሬዎች በብድርና በድጎማ ደረሰብን ባሉት መድልዎ ከግብርና መሥሪያ ቤቱ ጋር ተካሰው በ1999 ስምምነት ላይ ሲደረስ የተከፈለው ካሳ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፡፡ ይሁንና ብዙዎቹ ቀድሞውኑ መሬታቸውን አጥተው ነበር፡፡

የእኛ አገር ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ኢስትላንድ ቼካቸውን በሚቀበሉበት በዚያው ዘመን ነው፡፡ ድጎማ በተባለ ቁጥር እኛም «ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት «በማን ስም ነው የሚጻፈው?» ብለን ብንጠይቅ ጥሩ ነው፡፡ መሬቱን ተከትሎ የሚሄድ ገንዘብ ባለመሬቱን ያገኘዋል፤ አራሹን ለማግኘት ግን አራሹ ስሙ ወረቀቱ ላይ መስፈር አለበት፡፡