ዜና እጅ ወእግር፦ የካዛንቺስና የቂርቆስ ቴኳንዶ መዋዕል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። ከኮርያ ምድር ወጥቶ ካዛንቺስና ቂርቆስ ስለ ደረሰው፣ በእጅና በእግር ራስን ስለ መጠበቅ ጥበብ ይህን ዜና እንጽፋለን። እንድንጽፍ ያዘዙን መምህራችን ናቸው፤ እኛ ማስተር እንላቸዋለን። ስማቸው እንዳይጻፍ ስላዘዙ አልጻፍነውም። ቀበቶ ያሰሩልን፣ ጠብን መሸሽና ደካማን መጠበቅ ያስተማሩን እርሳቸው ናቸውና፣ ብዕራችን ወደ እርሳቸው ቢያዘነብል አንባቢ አይፍረድብን።

በ1943 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከክብር ዘበኛ የተመረጡ ወታደሮችን ወደ ኮርያ ሰደዱ። ሻለቃውንም በአባታቸው በራስ መኰንን የፈረስ ስም ቃኘው አሉት። አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ። ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥተው በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ገቡ። እነዚህ ሰዎች ያን የመሰለ ብርድ በአገራቸው አይተው አያውቁም፤ የተራራውንም ስም በቋንቋቸው የሚጠራላቸው አልነበረም። ነገር ግን ምሽግ ሲያዙ አይለቁም፣ የወደቀ ጓደኛቸውንም በሜዳ አይተዉም ነበር። በየተራ ከተላኩት የቃኘው ወታደሮች ሁሉ 121 ሞቱ፣ 536 ቆሰሉ፤ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። ይህን ደግመን እንጽፈዋለን፤ የተማረከ አንድም አልነበረም። ማንንም ለመውረር አልሄዱም፤ የተጠቃን ሊጠብቁ ሄዱ እንጂ። የዚህ ዜና ሥሩ ይህ ነው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍ።

ጦርነቱ በሐምሌ 1945 ዓ.ም. ቆመ። በዚያው በፈረንጆች 1953 ዓመት በጄጁ ደሴት 29ኛው የኮርያ ክፍለ ጦር ሲቋቋም፣ አዛዡ ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ነበር። እርሱም ራሱ እንደ ተረከው፣ በልጅነቱ ከቁም ጽሕፈት መምህሩ ቴክዮን የተባለውን የአገሩን የእግር ጥበብ፣ በጃፓን ሳለም ካራቴን ተምሮ ነበር። ሁለቱን አዋሕዶ ለወታደሮቹ አስተማረ። ያስተማረውም ለሜዳሊያ ሳይሆን መሣሪያ ከእጁ ለወደቀ ወታደር ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1947 ዓ.ም. ጥበቡ ቴኳንዶ ተባለ፤ ቴ እግር፣ ኳን ቡጢ፣ ዶ መንገድ ማለት ነው። ቃኘው ከአዲስ አበባ በተነሣ በአራተኛው ዓመት፣ በዚያው በሚያዝያ ወር መሆኑን ልብ ይሏል።

መጋቢት 13 ቀን 1958 ዓ.ም. በዘመነ ማርቆስ፣ ጄኔራሉ ዓለም አቀፉን የቴኳንዶ ፌዴሬሽን በሴኡል መሠረተ። 24 ቱሎችን፣ ማለትም የእንቅስቃሴ ሥርዓቶችን፣ በቀን 24 ሰዓት አምሳል ደነገገ። አምስት ሕጎችንም ጻፈ፤ ትሕትና፣ ሐቀኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛት፣ የማይበገር መንፈስ። ከዚህም በኋላ ከአገሩ ወጥቶ ወደ ካናዳ ሄደ፤ የወጣበትን ነገር እግዚአብሔር ያውቀዋል።

እርሱ ከወጣ በኋላ በ1965 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ፣ ኅዳር 21 ቀን ኩኪዎን የተባለው ታላቅ አዳራሽ በሴኡል ተመረቀ። ግንቦት 20 ቀን ሌላ ፌዴሬሽን ተመሠረተ፤ ዛሬ ወርልድ ቴኳንዶ የሚባለው እርሱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዱ ጥበብ ሁለት ቤት ሆነ። በጄኔራሉ ቤት ተጋጣሚዎች በእጅም በእግርም ፊት መምታት ይፈቀድላቸዋል፤ ምቱ ግን በልክ ነው። በሁለተኛው ቤት ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ነው፤ ራስ የሚመታው በእግር ብቻ ነው። ነጥቡም እንዲህ ይቆጠራል፤ ደረት በቡጢ 1፣ ደረት በእግር 2፣ ራስ በእግር 3፣ ተሽከርክሮ ለመታ ደግሞ 2 ይጨመርለታል። በዚህም ቤት ነጥቡን የሚቆጥር የኤሌክትሮኒክ ሰደርያ መጣ። ተጋጣሚዎችም የፊት እግራቸውን እንደ አጥር አንሥተው፣ ሰደርያውን ለመንካት ሲሻሙ ይውሉ ጀመር። ማስተር ይህን አይተው፣ «እጁ ወርዷል» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ነሐሴ 29 ቀን 1986 ዓ.ም. ቴኳንዶ የኦሎምፒክ ስፖርት እንዲሆን በፓሪስ ተወሰነ። በ1993 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስም በሲድኒ ለሜዳሊያ ተጀመረ። የጀመረበት ቀን መስከረም 17 ነበር። እኛ በቂርቆስ፣ በመስቀል አደባባይ፣ የደመራውን አመድ በግንባራችን ስንቀባ በሲድኒ የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች ተመዘኑ። በዚያ ውድድር አንሄል ማቶስ የተባለ ኩባዊ ወርቅ አገኘ፤ ዓለምም አደነቀው። ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ነሐሴ 17 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ይኸው ሰው በቤይጂንግ ለነሐስ ሲጋጠም ተጎድቶ ወደቀ። ለሕክምና የተሰጠው አንድ ደቂቃ አለፈና ዳኛው ግጥሚያውን ለተቃራኒው ሰጡ። እርሱም ተነሥቶ የዳኛውን ፊት በእግሩ መታ፤ ለዕድሜ ልክም ታገደ። ይህን ያስረዘምነው ለሐሜት አይደለም። እግሩ ወርቅ እስኪያገኝ ሠልጥኖ ነበር፤ አራተኛው ሕግ ግን ራስን መግዛት ነው፤ እርሱን የሚመዝን ሰደርያ እስከ ዛሬ አልተሠራም።

ጄኔራል ቾይ ሰኔ 8 ቀን 1994 ዓ.ም. በፒዮንግያንግ ዐረፈ። ከዕረፍቱም በኋላ ቤቱ እንደ ነበረ አልቆየም።

ወደ ሰፈራችን ነገር እንመለስ። ካዛንቺስ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሠራበት ሰፈር ነው፤ ስሙም ከእነዚያ ቤቶች ስም ቀረ። ቂርቆስ ግን በሕፃኑ ሰማዕት ስም ይጠራል፤ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በአገረ ገዥ ፊት ቆሞ ያልፈራው። በዚህ ስም በሚጠራ ምድር ደካማው ራሱን መጠበቅ ቢማር ማን ይደነቃል?

በደርግ ዘመን የቃኘው ሜዳሊያዎች በየሳጥኑ ተኝተው ነበር፤ ያ ዘመን አለፈ። የሁለቱም ቤቶች ጥበብ ወደ አገራችን ገባ፤ ሁለቱም ተማሪ አፈሩ። ማስተር የጄኔራሉን ቤት ጥበብ በካዛንቺስ በአንድ ጠባብ አዳራሽ ማስተማር ጀመሩ። ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ የብዙዎቻችንም ዶቦክ፣ ማለትም የልምምድ ልብስ፣ እናቶቻችን ከአቡጀዲ የሰፉት ነበር።

አንድ ቀን እናት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ ጎረምሳ መንገድ ላይ እጇን እየያዘ አስቸግሯት ነበር። እናትየዋ፣ «አደራዎን፣ ጠበኛ እንዳያደርጉብኝ» አለች። ማስተርም፣ «እትዬ፣ መጀመሪያ የማስተምራት ቤቷ መግባትን ነው» አሏት። ከዚያም የልጅቱን አንጓ ያዙ። «የያዘሽ እጅ ሁሉ በር አለው። አራቱ ጣቶች ግድግዳ ናቸው፤ በሩ አውራ ጣት ነው» አሏት። ክርኗን ወደ ጎኗ አስጠግታ፣ ወገቧን አዙራ፣ አንጓዋን በአውራ ጣቱ በኩል እንድታወጣ አሳዩዋት። እጇ ሲወጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ መዳፎቿ በፊቷ ከፍ፣ ከዚያም ጩኸት፣ ከዚያም ሩጫ። መጀመሪያ በጉልበት ጎተተች፤ አልሆነም። ወገቧን ስታዞር ግን እጇ ሳሙና እንደ ነካው ሁሉ ወጣ። ያን ምሽት ደጋግማ ስታወጣ፣ እናትየዋ በሩ አጠገብ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅስ ነበር። በሁለተኛው ወር ጎረምሳው እንደገና ያዛት። ልጅቱም አወጣች፣ ጮኸች፣ ሮጠች፤ ቤቷ ገባች። የመታችው ማንም የለም። ይህ በመዋዕላችን ከተጻፉት ድሎች ሁሉ ይበልጣል፤ ስሙ ይባረክ።

ከዚህ በኋላ ከቤታችን ሦስት ልጆች ሰደርያ ለብሰው ወደ ውድድር ሄዱ፤ በዕለቱም ብዙ ተማሩ።

ስለ እውነት ግን አንድ ነገር እንጽፋለን። ልጆቹ ከተመለሱ በኋላ ማስተር ሌሊቱን አልተኙም ይባላል። በማግሥቱ ሰብስበውን፣ «እንቢ የሚል ሰው ፊታችሁ ካልቆመ የምታውቁት ጥበብ የቃል ትምህርት ነው» አሉን። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓንትና መከላከያ አድርገን መጋጠም ጀመርን። የውድድር ልጆች ይህን ከእኛ አስቀድመው ያውቁ ነበር። ቢሆንም የማስተር ትምህርት አልተለወጠም፤ ውድድር የዓመት በዓል ነው፣ ራስን መጠበቅ የዕለት እንጀራ ነው። በዓል የሌለው ቤት ያሳዝናል፤ እንጀራ የሌለው ቤት ግን አያድርም።

በየካቲት 2012 ዓ.ም. ሰለሞን ቱፋ በራባት ማጣሪያውን አልፎ፣ በቴኳንዶ ለኦሎምፒክ የበቃ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ሐምሌ 17 ቀን 2013 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ፣ የቂርቆስ በዓል ሊከበር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በ58 ኪሎ በቶኪዮ ተሰለፈ። የሄደው በሌላው ቤት ነው፤ ባንዲራው ግን የሁላችን ነው። ማስተር የዚያን ቀን ትምህርት አቋርጠው ቆመን እንድናይ አዘዙን፤ ቆመንም አየን።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ተነሣ፤ አዳራሹም ከሰፈሩ ጋር ሄደ። ተማሪው በየአቅጣጫው ተበተነ። የተሰነጠቀውን መስታወት ማስተር ራሳቸው ተሸክመው አወጡት።

ዛሬ በማለዳ፣ ከታክሲው ግርግር በፊት፣ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ እንሰበሰባለን። ከላይ ሯጮች ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ እኛ ከታች ነን። ማስተር አርጅተዋል፤ ጋቢ ለብሰው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ትናንሾቹን የምታስተምረው ያቺ ልጅ ናት፤ ጥቁር ቀበቶዋን ከታጠቀች ቆየች። የአንዲትን ሕፃን አንጓ ይዛ፣ «በሩ የት ነው?» ትላታለች። ሕፃኗም በነጻ እጇ የያዛትን አውራ ጣት ትነካለች።

ይህ ዜና እዚህ ተፈጸመ። ለጻፈው፣ ላጻፈው፣ ላነበበውና ለሰማው፣ በሰላም ቤቱ መግባትን ያድለው። አሜን።